እናቴ የጾመችልኝ ሁዳዴ

የሯጮች ካምፕ በገባሁበት የመጀመሪያው ሁዳዴ ተደብቄ ልጾም ሞክሬ ነበር። ከአሰላ ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኛል። በክፍለ ሀገራችን ውድድር ላይ ያየኝ አሰልጣኝ ለክለቡ አስቀጥሮኝ ቀን እሮጣለሁ፣ ማታ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። የካምፑ ምግብ ቤት ውስጥ እንቁላሌን አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ሥጋውን በእንጀራ ጫፍ ሸፍኜ እተወዋለሁ። ዝምተኛ ስለሆንኩ ማንም ልብ አላለኝም። በሁለተኛው ሳምንት ዳገት ስንሠራ ግን ጉልበቴ ከዳኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ጾመኛ ነሽ እንዴ?" አለኝ አሰልጣኙ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ።

የጫማዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ።

"ስሚ፣ እኔም የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ሁዳዴን አውቀዋለሁ። ግን ሃያ አምስት ዙር በሽሮ አይዞርም። ወይ ትበያለሽ፣ ወይ ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

"ጓድ አሰልጣኝ፣ እሷ እኮ ልትመነኩስ ነው የመጣችው። በቱታው ፋንታ ቆብ ይሰጣት!" አለች ከሯጮቹ አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ጾሜን ገደፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቴ እየተሻሻለ ሄደ፤ ስሜም አልፎ አልፎ በራዲዮ ይጠራ ጀመር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ገበያ ላይ ገብስ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገችኝ እናቴ፣ ካምፕ ውስጥ ምን እንደምበላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ፣ ለውጭ አገር የአገር አቋራጭ ውድድር ምርጫ ከመደረጉ በፊት፣ ቤተሰብ እንድንጠይቅ ጥቂት ቀን ተሰጠን። አውቶቡሱ የዴራን ሙቀት ጨርሶ ዳገቱን ሲይዝ የአሰላ ብርድ በመስኮት ገባ፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እናቴን እስካይ ድረስ ነበር። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ድሮም ጨጓራዋን ያማታል፤ እንዲህ ከስታ ግን አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከጭላሎ ሥር ወተት በጮጮ እያመጣች የምትሸጠው የኦሮሞ ሴት በራችንን ገፋ አድርጋ ገባች። በሁዳዴ የእኛን ቤት አልፋ ነበር የምትሄደው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ መጣሽ?" አለችኝ ጉንጬን እየሳመች። "እናትሽ ናት ያዘዘችኝ። ወፍራሙን አምጪ፣ ልጄ ትሮጣለች አለች።" ከዚያ ወደ ጓሮ አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። "እሷን ግን ምከሪያት። እኛ በረመዳን ማታ ማታ እንበላለን። እሷ ፀሐይ ገብቶም ሁለት ጉርሻ ነው። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ የሁለት ሰው ጾም ይዤ ነው ትለኛለች።"

ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እናቴ ከጓሮ ስትመለስ ወተቱን አፍልታ በብርጭቆ አቀረበችልኝ። በሩን ግን ዘጋችው።

"እማዬ፣ ሁዳዴ እኮ ነው።"

"ለእኔ ነው ሁዳዴ። አንቺ እዚያ ምን እንደምትበዪ ጉንጭሽ ነገረኝ። ከዚህ ስትሄጂ ጉንጭ ነበረሽ እንዴ?"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ብጠይቅሽ ትዋሺኛለሽ። በገደፍሽው ላይ ውሸት ልጨምርብሽ?" ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋችው። "ያንቺን እኔ ይዤልሻለሁ። አንቺ የምትሮጪ ሰው ነሽ፤ እኔ ከገብሴ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምውለው። ለተቀመጠ ሰው እህል ምን ያደርግለታል?"

ያመኛል እንድትል ጠበቅኩ፤ አላለችም። ጠጣሁት። ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ቆማ አየችኝና ፊቷ በራ፤ ከዚያ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እህሏን ልትሰፍር ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

"እኔ አላዘዝኳትም" አሉኝ። "እንዲያውም ለሕመሟ ስል በስድስት ሰዓት ምሳሽን ብዪ ብያታለሁ። በሰው ፋንታ መጾም የሚባል ነገር የለም ብዬ ብገሥጻት፣ 'አባ፣ እርስዎ መነኩሴ ነዎት፤ ልጅ አያውቁም' አለችኝ። ምን ልበላት?"

"እኔ ብጾም ትተወዋለች?"

"ያኔ ምን ምክንያት ይኖራታል?"

"እንግዲያው እኔ ከሄድኩ በኋላ ይንገሩልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የራሴን እጾማለሁ" አልኳቸው። ፊት ለፊት ብነግራት ትከራከረኛለች፣ እኔም እሸነፋለሁ ብዬ ፈራሁ። አሁን ሳስበው ያ ፍርሃት ትልቁ ስሕተቴ ይመስለኛል።

ካምፕ ተመልሼ ጾምኩ። በዚህ ጊዜ ጠንቃቃ ነበርኩ። ማንም እንዳያይ ወተቴን ለሌላ እሰጣለሁ፣ ባቄላና ምስር ጠግቤ እበላለሁ፣ ልምምድ ላይ ከፊት አልወጣም። ማታ ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚጽፈው ይደበዝዝብኛል። ግን ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር እናቴ ገበያ ላይ እንጀራዋን ስትፈታ ይታየኝና ረሃቡ ይቀለኛል። የበላሁትን ዓመት ሁሉ የምከፍልላት መስሎኝ ነበር።

በምርጫው ቀን እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከመሪዎቹ ጋር ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እግሬ የሌላ ሰው ሆነ። አንድ በአንድ አለፉኝ። ስድስት ሯጮች ይመረጡ ነበር፤ እኔ ሰባተኛ ሆኜ ገባሁ።

አሰልጣኙ ፎጣ አቀበለኝና ለብቻችን ስንሆን፣ "ሰሞኑን ወተትሽን ማን ነበር የሚጠጣው?" አለኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረውም።

ከፋሲካ በኋላ አሰላ ስሄድ የማፍርበት ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ተሸንፌያለሁ፤ ግን እናቴ ምሳዋን በልታለች ብዬ ተጽናንቻለሁ። በሩን ስከፍት ግን እናቴ ከመክሳቷ የተነሳ ክንዷ የኔን ቀጭን ክንድ ያህል ነበር።

"የተመረጡትን ሲጠሩ ራዲዮኑ ሥር ነበርኩ" አለችኝ። "እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ምን ነካሽ?"

"ደከመኝ።"

"አባ ልትጾም ነው ሲሉኝ ስቄባቸው ነበር። በውድድር ሰሞን? ልጄ ጅል አይደለችም፣ እርስዎን ለማስደሰት ብላ ነው አልኳቸው።" ዓይኔን ፈለገች። "ጾመሽ ነው የሮጥሽው?"

"አንቺ እንድትበዪ ብዬ ነው።"

"እኔ አልበላሁም።"

ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማ ነበር።

"ታዲያ እኔ የተራብኩት ለምንድን ነው?" አለች በመጨረሻ። አልጮኸችም። ገበያ ላይ የተበላሸ እህል የሸጡላት ጊዜ እንዲህ ነው የምትናገረው። "ሆዴን ሲያቃጥለኝ፣ ይሄኔ እየሮጠች ነው እያልኩ ነው የቻልኩት። የሰጠሁሽን ጣልሽው።"

ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። ስለ በላሁት ነው ወይስ ስለ ጾምኩት?

"ከእንግዲህ ያንቺን ራስሽ ተሸከሚው" አለችኝና ወደ ማድቤት ገባች። ተከትያት ብገባ ኖሮ ምናልባት ትስቅብኝ፣ እንታረቅ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ቃሏን ጠበቀች። ዘንድሮ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ መነኩሴው እንዳዘዟት በስድስት ሰዓት ምሳዋን ትበላለች። ወተት ሻጯ እንደነገረችኝ ጨጓራዋ ጋብ ብሏል፤ ቀሚሷም ሞልቷል። የለመንኩት ሁሉ ሆኗል። ልጠይቃት ስሄድ ስለ ቤቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብስ ዋጋ ታወራኛለች፤ ስለ ሩጫዬ ግን አትጠይቀኝም።

እኔም ካምፕ ውስጥ እበላለሁ። ትናንት ጠዋት ወጥ ቤቱ ሁለት እንቁላልና ወተቴን አስቀመጠልኝ፤ ከሰዓት ረጅም ሩጫ ነበረን። አንዱን እንቁላል ልጬ ጨው ነካ አደረግሁበት። አሰላ ውስጥ ለእኔ ብሎ የሚራብ ሰው የለም። ይህን እያወቅኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለቱንም በላሁ።