የሰረቅኩት ዝላይ

በከተማችን የሕዝብ መዋኛ ገንዳ በነበረ ጊዜ ሥራዬ ልብስ መጠበቅ ነበር። ሰዉ ልብሱን ጠቅልሎ በመስኮቴ ያቀብለኛል፣ እኔ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ በክር አንጠልጥዬ እሰጠዋለሁ፣ አንገቱ ላይ አጥልቆ ወደ ውሃው ይሄዳል። እዚያ መስኮት ላይ ስንት ዓመት ስቀመጥ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውሃ ነክቶኝ አያውቅም። እፈራለሁ፣ ምን ላድርግ። ፊደል የለየሁት ግን እዚያው ነው። ፊት ለፊቴ ትልቅ የደንብ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበርና ከሱ ላይ እየገጣጠምኩ ስማር መጀመሪያ አጥርቼ ያነበብኳት ቃል «ክልክል» ሆነች። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትም አብዛኛው እሷው ነበረች።

ገንዳው ከተዘጋ ቆይቷል። ፓምፑ ተበላሸ ተባለ፣ ይጠገናል ተባለ፣ ከዚያ ምንም አልተባለም። ጎድጓዳው ውስጥ ሣር በቀለበት። ዝንጀሮዎች መዝለያው ማማ ላይ ወጥተው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ እርስ በርስ ቅማል ይለቃቀሙ ጀመር።

ባለፈው ዓመት ታዲያ አንዲት ወጣት ሠዓሊ ከአዲስ አበባ መጣች። ሠዓሊ ሲሉኝ ብሩሽና ቀለም ፈለግኩባት፤ የያዘችው ኮምፒውተርና ብዙ ሽቦ ነው።

«እማማ፣ ገንዳውን መልሼ በውሃ ልሞላው ነው» አለችኝ።

«ፓምፑ ተሠራ እንዴ?»

«አይ፣ በብርሃን ነው የምሞላው።»

አዘንኩላት። የእኛን ፀሐይ አለመደችው ይሆናል ብዬ ውሃ አቀረብኩላት። ቀስ ብላ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። ገንዳው ላይ ድንኳን ይጣላል፣ ውስጡ ይጨልማል፣ ፕሮጀክተሮች ከላይ ሆነው የውሃ ምስል በወለሉና በግድግዳው ላይ ይለቁበታል። ሰው በደረጃው ወርዶ ምስሉ መሃል ይቀመጥና በድምፅ ማጉያ የድሮ ሰዎችን ትዝታ ይሰማል። እኔንም የፈለገችኝ ለትዝታው ነበር።

«ስለ ገንዳው የማይረሱትን ነገር ይንገሩኝ» አለችና ማይክሮፎኑን አፌ ሥር አስጠጋችው።

በዚያ ገንዳ ከሆነው ሁሉ የማይረሳ ነገር አንድ ነው። ከትልቁ ማማ ላይ የዘለለችው የመጀመሪያዋ ሴት። ጎረምሶቹ እንኳ ወጥተው ቁልቁል ያዩና፣ የረሱት ነገር እንዳለ ሰው በደረጃው ተመልሰው የሚወርዱበት ማማ ነው። የዘለለችው ጓደኛዬ ናት። ዛሬ ሲቀላ ሰፈር ዓሣ ትሸጣለች፣ ቤታችንም አንድ አጥር ነው የሚለየው። ያኔ በቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ነበረች። አንዱ ጎረምሳ «ሴት እዚህ ከወጣች ፂሜን እላጫለሁ» ሲል ሰማችው፤ ቀሚሷን በመስኮቴ ወረወረችልኝ፤ በውስጥ ልብሷ ሆና ወጣችና ዘለለች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ገባ። ሦስት ወር ከመዘምራኑ ታገደች። ያን ሦስት ወር፣ ከሁሉ የሚበልጥ ድምፅ እያላት፣ ኋላ ወንበር ላይ አፏን ገጥማ ተቀመጠች። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ ግን ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ሁለት እሁድ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

ይህንን ነው ልናገር የጀመርኩት። ማርያምን! «ጓደኛዬ ወጣች» ብዬ ነው የጀመርኩት። ልጅቷ ግን ዓይኗ ወደ ስልኳ ሸሸ። ወሬ የሚያወራ ሰው ያውቀዋል፣ የሰሚ ዓይን ሲሸሽ ሆድ ይባባል። «ማለቴ» አልኩ፣ «እኔ ወጣሁ።» ቀና አለች። ቀና ስትል አንድ ደረጃ ጨመርኩ። ማይክሮፎኑን ስታስጠጋልኝ ሌላ ሁለት ጨመርኩ። ጫፍ ደረስኩ፣ ነፋሱ ፀጉሬን በተነው፣ እንደ ዓሣ ገባሁ፣ ውሃው እንደ ሐር ተከፈተልኝ። ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ትንሽ አለቀስኩ፤ ታሪኩ አንጀት ይበላ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ ሥራው ሁሉ የቆመው በእርስዎ ዝላይ ላይ ነው!»

«እሱን አውጪልኝ፣ ልጄ።»

«እንዴት ይወጣል? ምስሉ በሙሉ በድምፅዎ ልክ ነው የተሠራው። ልቀይረው ብል ኮምፒውተሩ ብቻ ሳምንት ይፈጅበታል፣ ቅዳሜ ደግሞ መክፈቻ ነው። ለምን ይውጣ?»

«ድምፄ አያምርም።»

«ኧረ በጣም ነው የሚያምረው!»

አይ ሰው መሆን፣ እዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ደስ አለኝ።

ስለዚህ የቀረኝ መንገድ ጓደኛዬን ማስቀረት ነበር። እኔ ዝላይዋን በአደባባይ የራሴ ሳደርገው ከሰማች፣ ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ጉርብትና አበቃለት። በአጥሩ ላይ አንገቴን አወጣሁ።

«የቅዳሜው ነገር ጨለማ ነው አሉ። ለጉልበትሽ ጥሩ አይደለም።»

«ጨለማና ጉልበቴ ምን አገናኛቸው?»

«ደረጃ አለው።»

የያዘችውን መጥረጊያ አስቀመጠች። «አንቺ፣ እኔን በደረጃ ታስፈራሪኛለሽ? እኔን?»

አንገቴን ከአጥሩ አወረድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነጩ ድንኳን ተጣለ። ድንኳን ያየ ሁሉ ልቅሶ መስሎት ፊቱን አጥቁሮ ይገባል። አንዷ እናት «ማን ሞቶ ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝና «ገንዳው» አልኳት። «ነፍስ ይማር» ብላ ተቀመጠች። ሠዓሊዋ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ጫማ ይወልቅ ብላ ነበር። በሩ ላይ እኔን ያየ የድሮ ዋናተኛ በሙሉ፣ አሁን ሽበት የወረሰው ሁሉ፣ ጫማውን አውልቆ ሳያስብ ለእኔ ያቀብለኛል። እኔም ሳላስብ እቀበላለሁ። አንድ ሽማግሌማ ሸሚዛቸውን መፍታት ጀምረው ልጃቸው ያዘቻቸው። ቆርቆሮ የለ፣ ቁጥር የለ፣ ጫማው እስከ ጉልበቴ ደረሰ።

ጓደኛዬ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ጫማዋን ሰጠችኝና ገባች።

ውስጥ ፕሮጀክተሩ በራ፣ ገንዳው ተሞላ። ሰዉ ሁሉ ግን ጠርዙ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። «ውረዱ፣ ግቡ፣ ምስል ነው!» ትላለች ሠዓሊዋ። ማንም ንቅንቅ የለ። አንዱ ጠጠር አንስቶ ወረወረና ድምፁን አዳመጠ።

«ይሄ የእኛ ገንዳ ውሃ አይደለም» አለች ጓደኛዬ። «የእኛ ከምንጭ ነበር፣ ሥሩ ይታያል። የዓባያ ሐይቅም አይደለም፣ ዓባያ ቢሆን ቀላ ይል ነበር። ይሄ ጫሞ ነው።»

ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልጅቷ ደነገጠች። ለካ ገንዳው ደረቅ ቢሆንባት ሐይቁ ዳር ወርዳ ነበር ውሃ የቀረጸችው። የሚታይ ውሃ ሁሉ አንድ መስሏት። እኛ አገር ግን ጫሞን አይቶ ዘው የሚል ሰው የለም፤ በስዕልም ቢሆን አዞ አዞ ነው።

«አዞውን ቀርጸሽዋል?» አለቻት ጓደኛዬ።

«ኧረ አልቀረጽኩም እማማ!» ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳለች።

«እንግዲያው የለም» አለችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በደረጃው ወረደች። ከገንዳው መሃል ደርሳ ቁጭ አለች። ይህን ጊዜ ሁሉም ተከትሏት ወረደ። እሷም እንደ ንግሥት መሃላቸው ሆነች። የእኔ ድምፅ ደግሞ ይህችን ደቂቃ ጠብቆ ከአራቱም ማዕዘን ተነሳ። «እኔ ወጣሁ... ነፋሱ ፀጉሬን በተነው...»

ሰዉ እልል አለ፣ አጨበጨበ። እሷ ቀስ ብላ ዞረች፣ በሩ ላይ ጫማ ታቅፌ አየችኝ። እስከ «ሐር» ድረስ ሰማች። ከዚያ ተነሳች፣ ወጣች፣ አጠገቤ አለፈች፣ በባዶ እግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ልከተላት ብል የሰው ሁሉ ጫማ እጄ ላይ ነው። «የእኔ ቡናማው ነው»፣ «አይ እሱ የእኔ ነው» ሲባባሉ አመሹብኝ። በመጨረሻ የእሷ ብቻ ቀረ።

እሁድ በአጥሩ ብጠራት አልመለሰችም። ሰኞ ጠዋት ጫማዋን በፌስታል ይዤ ሲቀላ ሱቋ ሄድኩ። ዓሣ ትፍቃለች፤ ቅርፊቱ ነጠላዬ ላይ ይዘንባል፤ ሆን ብላ ነው።

«እንደ ዓሣ ገባሁ አልሽ?»

«አልኩ።»

«በሆዴ ነው የወደቅኩት! ሳምንት ሙሉ ሆዴ በርበሬ መስሎ ነበር!»

«እንዲያምር ብዬ ነው፣ እህቴ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ማማሩስ ይመር። በአንቺ ታሪክ ውስጥ እኔ የት ነበርኩ? ከሚያዩት ሰዎች መሃል እንኳ ነበርኩ?»

አልነበረችም። ለነፋሱም ለሐሩም ቦታ ያገኘሁ ሴትዮ፣ ለእሷ ጠርዙ ላይ መቆሚያ አልሰጠኋትም። ጫማዋን ከፌስታሉ አውጥቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩላት። ያኔ ነው ወንበር ስባ የሰጠችኝ።

ያንኑ ዕለት ለሠዓሊዋ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ድንኳኑ ሳምንት ተዘጋ፣ ጓደኛዬም ክንዷ ላይ ቅርፊት እንደተለጠፈ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች።

«ወጣሁ። ዘለልኩ። በሆዴ ወደቅኩ። ልብሴን የያዘችልኝ እሷ ናት።»

«ሲዘሉ ምን ተሰማዎት፣ እማማ?»

«ሆዴ ነዋ።»

አለቀ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል ጠፋ። ሰዉ ወርዶ መቀመጫውን ሳያደላድል ታሪኩ ያበቃል፤ ቀሪው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ምላሴን እየነከስኩ እሰማለሁ። የሚወጣው ሁሉ ደግሞ «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው።

አንድ ቀን ሱቋን ዘግታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዛሬስ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ። በሆዷ ነው የወደቀችው አልኳቸው።»

«ሌላ አልጨመርሽም?»

«ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ሆዷ ሁለት ሳምንት ቀልቶ ከረመ ብያለሁ።»

ሆዷን በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አሰበች። «ሁለት ሳምንት ይሁን» አለች።