ጋሽ ተስፋይ በመኪናዬ መስታወት ላይ የሳሏቸው ኮርቲናዎች

ኧረ አይሆንም! ጋሽ ተስፋይ አረፉ ይሉኛል። ትናንት ማታ ደረጃው ሥር "ደህና እደሪ ጓለይ" ያሉኝ ሰውዬ!

ስልኩ ሲደወል እንግልውድ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። የምንከባከባቸውን አንዲት እናት ምሳ እያበላኋቸው፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እሳቸው ናቸው መልሰው እጄን የያዙኝ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ተስፋይ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው አፓርትማችን ምድር ቤት የሚኖሩ የአስመራ ሰው ነበሩ። ድሮ ባለታክሲ፣ እዚህ ደግሞ ኤርፖርት ሻትል፣ የመንገደኛ ማመላለሻ፣ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጃቸው ሲያትል ነው። እኔን "ጓለይ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

አምስት ዊንተር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ያሞቁልኝ እሳቸው ናቸው። ትርፍ ቁልፌ እሳቸው ጋ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ያስነሱታል። መኪና አስነስቶ ጥሎ መሄድ እዚህ የቅጣት ቲኬት ያሰጣል፣ ፖሊስ ባያይሽም ሌባ ያይሻል። ስለዚህ በዚያ ብርድ አጠገቡ ቆመው ይጠብቁታል።

አንድ ቀን አፍሬ "ጋሼ፣ የዛሬ መኪና እኮ ማሞቅ አያስፈልገውም አሉ" ብላቸው ተቆጡኝ።

"ለመኪናዋ ማን አለሽ? ለልጅቷ እግር ነው እንጂ!"

ልጅቷ ሊያ ናት፣ የሰባት ዓመት ልጄ። እሷን ለትምህርት ቤት መቀስቀስ በየቀኑ ጦርነት ነበር። መላ ያመጡት ጋሽ ተስፋይ ናቸው። የኋላ መስታወቱ ላይ ያለው አመዳይ ሳይቀልጥ በጣታቸው ኮርቲና ይስሉበታል። ኮርቲና የሚባል የእንግሊዝ የቤተሰብ መኪና ነበር፣ በየጊዜው መልኩ እየተለወጠ አምስት ሞዴል የወጣለት፣ የወጣትነት ፍቅራቸው። ሊያ ሥዕሉ ሳይጠፋ ሮጣ ደርሳ ስንተኛዋ ኮርቲና እንደሆነች መናገር አለባት። ያቺ እንቅልፋም ጫማዋን ሳታስር ትወጣ ጀመር!

የኋላ መብራቷ ክብ ሆኖ ለሦስት ከተከፈለ፣ አንደኛዋ ናት። ልጅ ሆነው የጎረቤት ሀብታም መኪና እያጠቡ የወደዷት። መብራቷ አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለተኛዋ፣ ታክሲ የሠሩባት። ሦስተኛዋን ከጎን ነው የሚስሏት፣ ወገቧን አውጥተው። "እቺ ሙሽራ ናት" ይላሉ። የራሳቸው ነበረች። ልጃቸው ሲወለድ ከሆስፒታል ያመጡት በእሷ ነው፤ ሲሰደዱ በር ላይ ጥለዋት ወጡ። አራተኛዋንና አምስተኛዋን በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቋቸው፣ ስለዚህ "ሳጥን!" እያሉ ያንቋሽሿቸዋል።

"ነምበር ሲክስስ?" አለቻቸው ሊያ አንዴ።

"ስድስተኛ የለም። እኔን ሳያማክሩ መሥራት አቆሙ።"

ኮርቲና በብርድ ታግሰሽ ካላሞቅሻት መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ትልብሻለች ይሉ ነበር። ከዚያ የመጣች አንዲት አባባል ነበረቻቸው፣ ለሁሉም ነገር የምትሆን። ከሱፐርቫይዘሬ ጋር ተጣልቼ ሥራዬን ልለቅ ስንደረደር "ትሙቅ እስቲ! ምን ያጣድፍሻል?" ብለው ሻይ አፍልተው አስቀመጡኝ። ሥራዬም ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ዛሬ ጠዋት ስንወጣ መኪናው ቀዝቅዟል። በረዶ ግግር ብሎበታል። ሊያ ዞራ የኋላውን መስታወት አየችና "ማሚ፣ ኮርቲና የለም። እናንኳኳ?" አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? "ረፍዶብናል፣ ተያቸው ይተኙ።"

ይባስ ብዬ በረዶውን እየፋቅኩ አጉረመረምኩ። አምስት ዓመት ያገለገሉኝን ሰው፣ አንድ ቀን ቀሩ ብዬ! በራቸው እኮ አሥር እርምጃ አይሞላም።

ረፋዱ ላይ ጓደኛቸው ለቁርስ ሊወስዳቸው መጥቶ አገኛቸው። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ጃኬታቸውን ለብሰው፣ አንድ ጫማ አጥልቀው፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፌ እጃቸው ውስጥ ነበር።

ሰው ሁሉ "ልባቸው ነው፣ ብታንኳኪም አትደርሺላቸውም ነበር" ይለኛል። ይሆናል። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ያሰበችውን እኔ አላሰብኩም። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

ለሊያ ከትምህርት ቤት ሳወጣት ነገርኳት። አላለቀሰችም። "እኔ እናንኳኳ ብዬሽ ነበር" ብቻ አለችኝ።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አምስት ዊንተር ቆመው ጠበቁኝ፣ እኔ አንድ ደቂቃ አልቆምኩልዎትም።

ልጅዎ ነገ ጠዋት ከሲያትል ይገባል። የእርስዎም መኪና ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ አይደል? ለቀብርዎ ጉዳይ ሲሯሯጥ በእሷ ይሂድ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ አስነሳታለሁ፣ እስክትሞቅም አጠገቧ እቆማለሁ። ሊያ የኋላ መስታወቷ ላይ ሦስተኛዋን እስላለሁ ብላለች፣ እሱን ከሆስፒታል ያመጡባትን። ሳይቀልጥ እንዲያያት እየጸለየች ነው የተኛችው።

ደህና ይሂዱ ጋሼ። ከእንግዲህ ብርድ ላይ አይቁሙ።