የእርሳስ ማኅተም ያለው ሬዲዮ

ባለፈው ሰሞን የሱቄን ኮምፒውተር ሊጠግን የመጣው ባለሙያ ጀርባውን ፈትቶ ሽቦ የሚበየድበትን ስታኞ ሲያቀልጥ፣ ያ የሚከረክር ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ሳላስበው ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። ስታኞ በሸተተኝ ቁጥር ሰው የሚመጣብን ይመስለኛል።

በደርግ ዘመን፣ አዳማን ናዝሬት በምንልበት ጊዜ፣ አባቴ ቀን ቀን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት እየሠራ፣ ሲመሽ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ይጠግን ነበር። የራሳችንን ሬዲዮ የተወለት በኩየራ ሚስዮን ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። የጀርባ ክዳኑ በብሎን የሚፈታ ሲሆን፣ በውስጡ የሽቦዎቹ ንድፍ ተለጥፎበት ነበር። አባቴ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ዮናስን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ድምፁ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በካቻቢቴው ጫፍ እየተከተለ ያሳየን ነበር። ሲበላሽ ማንንም አንጠራም ነበር።

በጋ ገብቶ ነፋሱ አቧራውን በየቤቱ መበተን ሲጀምር፣ ዮናስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ። የአገር ውስጡ ጣቢያ የሚያወራው ድል ብቻ ስለነበር፣ አባቴ ሥራውን ጨርሶ ሲገባ በሩን ቀርቅሮ፣ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ የውጭ ጣቢያ ይፈልግ፣ እናቴም የሰው ኮቴ እንዳለ እያዳመጠች መስኮቱ ሥር ትቆም ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጋሽ ቶላ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ገብቶ አንድ አዲስ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጀርባው እንደ መብራት ቆጣሪ በሽቦ ታስሮ በእርሳስ ታትሟል።

«አሮጌውን ሰጥታችሁን ይኼን ትወስዳላችሁ፣ ክፍያ የለውም። ጣቢያ ፍለጋ መድከም ቀረ፤ አንዱን የአገራችንን ጣቢያ ጥርት አድርጎ ያመጣል። ከተበላሸ እኛን ጥሩ፤ እናንተ ብቻ እንዳትነኩት።»

መስጠት ግዴታ ነው አላለም። ግን ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ በየሰው ቤት ተደብቀን የምንጸልይ ሰዎች ስለነበርን፣ ስማችን ቀበሌው ውስጥ በበጎ አይነሳም ነበር። እምቢ ካልን አባቴ እንደሚታሰር እኔም ልጅቱ አላጣሁትም። አባቴ የራሳችንን ሬዲዮ በፎጣ ጠቅልሎ ሲያስረክብ እናቴን «ዕቃ ነው እንጂ ልጅ አይደለም» አላት።

እውነቱን ለመናገር አዲሱ ጥሩ ሬዲዮ ነበር፤ አይንሿሿም፣ አያስቸግርም። እናቴ እንደ ሰው ሁሉ ዳንቴል አለበሰችው። ጋሽ ቶላ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ገባ ብሎ፣ ዳንቴሉን በጣቱ ጫፍ ገለጥ አድርጎ ማኅተሙን ያይና፣ መልሶ አልብሶት የዮናስን ደኅንነት ይጠይቀን ነበር። እኔ የእሱን ጣት እጠላው ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሬዲዮው ድንገት ዝም አለ። አባቴ ቀበሌ ሊወስደው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው፣ ደግሞ አነሳው፣ አገላብጦ ነቅነቅ አደረገው። እጁ አላስቻለውም።

«ሽቦ ነው የተነቀለው፤ ለዚህ ደግሞ ሰው እጠራለሁ?»

«ተው እባክህ፣ ማኅተሙን አትንካው» አለችው እናቴ።

ነካው። ከፍቶ ካየው በኋላ ዮናስ ከሄደ ወዲህ ሰምቼ በማላውቀው ሳቅ ሳቀ። ውስጡ ከአሮጌው ሬዲዮአችን ምንም አይለይም፤ ጣቢያ መቀየሪያው እንዳይዞር አንዲት ስንጣሪ እንጨት ተሸጉጣበታለች፣ በቃ። እንጨቷን ነቅሎ ሽቦውን በየደውና የውጭውን ጣቢያ ፈለገ። ዮናስ የነበረበት ከተማ ከመንግሥት እጅ መውጣቱን የሰማነው ያን ምሽት ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች።

አባቴ የተቆረጠውን ማኅተም በስታኞ መልሶ አያያዘው። ግን እርሳሱ የደበዘዘ ነው፣ ስታኞው ያብረቀርቃል። ጋሽ ቶላ በማግስቱ መጥቶ ዳንቴሉን ሲገልጥ ጣቱ እዚያው ቆመ።

«ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ሽቦ ተነቅሎ ነበር።»

«መጥራት ነበር እኮ» አለ፣ ያዘነ በሚመስል ድምፅ። የቀበሌ ጥበቃዎች ጠርቶ አባቴንም ሬዲዮውንም ይዘው ሄዱ። ቤቱ ገና ስታኞ ስታኞ ይሸት ነበር።

ክረምቱን ሙሉ እናቴ በጭቃው ስንቅ ስታመላልስ ከርማ፣ ጭቃው ሲደርቅ አባቴ ከስቶ ተመለሰ። ደርግ ሲወድቅ ዮናስም በእግሩ መጣ። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር ከፍቶ አያውቅም። ማንም የማይቆጣጠረን ጊዜ መጥቶ እንኳ፣ አምፖል ሲቃጠል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ሰው ጥሩ» ይል ነበር። ይኼ ከመታሰሩ በላይ ያንገበግበኛል።

ባለሙያው በየዳውን ጨርሶ ለኮምፒውተሩ የትኛውን ስርዓተ ክወና፣ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ዋና ፕሮግራም፣ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። አንደኛው ፈቃድ የሚገዛለት ነው፤ ውስጡን ከሠራው ኩባንያ በቀር ማንም አያየውም፣ ግን ያለ ጣጣ ይሠራል። ሌላው የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ አይቶ ያስተካክለዋል፣ እስኪለምዱት ግን ያስቸግራል።

«የመጀመሪያው ሲበላሽስ?» አልኩት።

«እኛን ይጥሩ። እርስዎ ብቻ እንዳይነኩት።»

በቅንነት ነው ያለው። ኩባንያ ቀበሌ አይደለም፣ ዛሬ ለዚህ ብሎ የሚያስረኝም የለም፤ ኮድ የሚሉትንም ቢከፍቱልኝ አንድ መስመር አላነብም። ቢሆንም «ክፍቱን ጫንልኝ» አልኩት። ጭኖ ሲጨርስ ካቻቢቴውን ተቀብዬ ክዳኑን ራሴ ገጠምኩት። የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቅሁ ግን እንደገና ወደ በሩ ዞሬ አየሁ።