ድርቆሽ ከየትኛው ነው?

ሶሬቲና ኩልሱም የተኳረፉት በዳይፐር ነው። ከዚያ በፊት በር ለበር የሚኖሩ፣ አንዷ ጨው ሲያልቅባት የሌላዋን በር የምታንኳኳ ጎረቤታሞች ነበሩ። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመናገር ግን ከስብሰባው መጀመር ይሻላል።

ሶሬቲ ዕድሜዋን ሙሉ ማለት ይቻላል ሾላ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ስትሸጥ ኖራ፣ ጉልበቷን ሲያማት ሱቋን ለልጇ ትታ ቤት የዋለች ሴት ናት። የተወለደችው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ አባቷ ገብስ ይዘሩበት በነበረ ተዳፋት ላይ ነው። እዚያ ቤት «ቆሻሻ» ተብሎ የሚጠራ ነገር ብዙ አልነበረም። ልጣጩን ላም ትበላዋለች፤ አመዱ ጓሮ ይበተናል፤ አጥንቱን ውሻ ይወስደዋል፤ ጠርሙስ ከተገኘ ታጥቦ ዘይት ይጨመርበታል። አሁን የምትኖረው ቀበና፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ከገባች ወዲህ ግራ ያጋባት ደረጃው ወይም የውሃው መጥፋት ሳይሆን የሚጣለው ነገር ብዛት ነበር። «እኔ ይህን ሁሉ መቼ በላሁት?» ትላለች ጆንያዋን ወደ ታች እየጎተተች።

አንድ እሁድ ጠዋት ሕዝቅኤል የሚባል ወጣት ከወረዳው መጥቶ ነዋሪውን ግቢ ውስጥ ሰበሰበ።

«ከእንግዲህ ቆሻሻ ከቤት ተለይቶ ነው የሚወጣው» አለ። «ደረቁ ለብቻ፣ እርጥቡ ለብቻ። ደረቁ ሪሳይክል ይደረጋል፤ እርጥቡ ኮምፖስት ይሆናል፤ ቆሼ የሚደፋው ይቀንሳል። ቀላል ነው።»

የብሎኩ ሰብሳቢ አቶ ወንድይራድ እጃቸውን አወጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቃል ሲዛባ አይወዱም።

«የኔ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ‹ደረቅ ቆሻሻ› ስትሉን ፍሳሽ ያልሆነውን በሙሉ ማለታችሁ ነበር። በየበሩ እየመጡ የሚወስዱልንም ደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ነው የሚባሉት። ታዲያ እርጥቡን ማን ሊወስደው ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ያ ሌላ ደረቅ ነው።»

«ስንት ደረቅ አለ?»

ሰው ሳቀ። ምድር ቤት የምትኖረውና እንጀራ ጋግራ የምታስረክበው ሒሩት ግን አልሳቀችም። «ድርቆሽስ ከየትኛው ነው? እኔ ጋ በየቀኑ የሚተርፈው እሱ ነው» አለች።

«ከእርጥቡ» አለ ሕዝቅኤል።

«ደርቆ?»

«ደርቆም ቢሆን እርጥብ ነው፤ ምግብ ስለሆነ።»

«ታጥቦ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጀሪካንስ?»

«እሱ ደረቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ ጎርፍ ወረደ። የእንቁላል ቅርፊት፣ የወተት ላስቲክ፣ የከሰል አመድ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጫት ገራባ። ሕዝቅኤል አንዳንዱን መለሰ፣ አንዳንዱን «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» አለ። በመጨረሻ ኩልሱም ሕፃኗን እንዳዘለች «የልጄ ዳይፐርስ?» ብላ ጠየቀች። ሕዝቅኤል ስልኩን አውጥቶ ተመለከተ፤ መልሱ እዚያ ውስጥ አልነበረም መሰለኝ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ያው… እርጥብ አይደል? ከእርጥቡ አድርጊው።»

ሶሬቲ በዚያ ስብሰባ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እርጥቡን ለላም መስጠት አይቻልም? ወንድሜ ላሞች አሉት።» በዚህች አንድ ንግግር ምክንያት የብሎኩ የጽዳት ተጠሪ ሆና ተመረጠች። ተጨበጨበላት።

ወንድሟ ቢራቱ አባታቸው ከተዉለት መሬት የቀረችውን ቁራጭ ይዞ እዚያው ተዳፋት ላይ ይኖራል። ሁለት ላሞቹን እያለበ ወተት ለሰፈሩ ይሸጣል። ፋጉሎና ፉርሽካ መግዛት ከብዶት ስለነበር እህቱ ስትደውልለት ደስ አለው። በማግስቱ አህያውን ነድቶ ወረደ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ቀን ማለዳ እየመጣ፣ ኮሚናሉ በሚባለው የነዋሪዎች የጋራ ቤት አጠገብ የሚቆመውን የእርጥብ ጆንያ ጭኖ ይመለስ ጀመር። የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የሒሩት ድርቆሽ፣ የሙዝ ቅርፊት። ላሞቹ ወተት ጨመሩ። ሶሬቲ ሰው ባገኘች ቁጥር «የኛ ብሎክ ልጣጭ እኮ ወተት እየሆነ ነው» ትል ነበር።

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ሰዉ ልጣጩን ዝም ብሎ አያመጣውም። ይሸታል፣ ይንጠባጠባል፣ ደረጃ ያበላሻል ብሎ በፌስታል ቋጥሮ ነው ጆንያ ውስጥ የሚጥለው። ፌስታል ተከለከለ ቢባልም በየቤቱ ፍራሽ ስር የታጨቀው ገና አላለቀም። ቢራቱ መጀመሪያ ላይ ጆንያውን በረቱ ደጃፍ ዘርግቶ ላስቲኩን ይለቅም ነበር። ሶሬቲ ተሳቀቀችና፣ «ተወው፣ እዚህ እኔ ለቅሜ ነው የምሰጥህ» አለችው። እሱም እህቱን አምኖ መልቀሙን ተወ።

እናም ሶሬቲ ጓንት አድርጋ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ አስራ፣ ጆንያ ላይ ጎንበስ ማለት ሆነ ሥራዋ። ቋጠሮ ትፈታለች፣ ልጣጩን ትደፋለች፣ ፌስታሉን ትለያለች። በደረጃው የሚያልፈው ሰው «በርቺ እትዬ ሶሬቲ» እያለ ሌላ ቋጠሮ ይጨምርላታል። ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት ታች ታቹን ያለውን ሳታየው ታልፈው ነበር።

ዳይፐሩን ያገኘችው ከነዚህ ቀኖች በአንዱ ነው። አንድ ብቻ ቢሆን ዝም ባለች፤ ጆንያው ግማሹ እሱ ነበር። ደሟ ፈልቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣችና የኩልሱምን በር ደበደበች።

«ላም ዳይፐር ትበላለች?»

ኩልሱም ሕፃኗን እያጠባች ነበር የከፈተችው። «ከእርጥቡ አድርጊ ተባልኩ፣ አደረግኩ። እርስዎም ቆመው ሰምተዋል፣ እትዬ ሶሬቲ።»

«አንቺ ራስሽ አታስቢም?»

«ማሰቤንማ አስቤ ነው የጠየቅኩት! የተሳሳተ የመለሰልኝን ትተው እኔን ይቆጣሉ?»

ሶሬቲ በደረጃው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች። ኩልሱም በሩን ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዷ ወደ ግድግዳ፣ ሌላዋ ወደ መስኮት እያዩ ማለፍ ሆነ።

ሶሬቲ ለሕዝቅኤል ደወለች። «ዳይፐር ለብቻው ሦስተኛ ማጠራቀሚያ ይመጣለታል፤ እስኪመጣ ከደረቁ ጋር ይሁን» አላት። ከደረቁ ጋር ሲሆን ደግሞ ጋሪ እየገፉ የሚመጡት ሰብሳቢዎች፣ ፕላስቲኩን የሚረከበን ሰው ይመልስብናል ብለው አንወስድም አሉ። ሦስተኛው ማጠራቀሚያ አልመጣም። የኩልሱም ዳይፐር በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እየመታው ተከመረ፤ ሽታው ግድግዳ ተሻግሮ ሶሬቲ ቤት ይገባል። ተኳርፈዋልና መናገር አልቻለችም።

አንድ ጠዋት ከሾላ ስትመለስ ትልቁ ገንዳ ወደሚቆምበት የመንገድ ዳር ወረደች። የብሎኳ ደረቅ ጆንያ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነበር። አየች። ጋሪዋን የምትገፋው ሴት ተለይቶ የተሰጣትን ጆንያ፣ ሳይለይ ከተሰጣት ጋር፣ ሁሉንም ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። የታጠቡት የውሃ ፕላስቲኮች የዶሮ ላባና የሽሮ ትርፍራፊ ላይ ወደቁ።

«እኛ እኮ ለይተን ነው የሰጠናችሁ!» አለች ሶሬቲ።

«አውቃለሁ እናቴ። ፕላስቲክ የሚረከበው ሰውዬ ከመጣ ሁለት ሳምንት አለፈው። የት ላስቀምጠው? ቤቴ?»

ገንዳውን ሊያነሳ የመጣው ሾፌር በመስኮት ራሱን አወጣ። «እማማ፣ ያለኝ አንድ መኪና ነው። ደረቁን በቀኝ፣ እርጥቡን በግራ ልጫን? ሁሉም ቆሼ ነው የሚሄደው።»

ሶሬቲ እዚያው ቆማ ቀረች። ማንን እንደምትቆጣ ጠፋት። ሴትዮዋ እውነቷን ነው፤ ሾፌሩም እውነቱን ነው፤ ሕዝቅኤልም ቢሆን የተነገረውን ነው የተናገረው። ሁሉም እውነቱን ሲሆን ጥፋቱ የት ሄደ? ወደ ቤት እየተመለሰች፣ «ቢያንስ እርጥቡ ላም ጋ ይደርሳል» ብላ ራሷን አጽናናች።

ብዙም ሳይቆይ ቢራቱ ደወለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«ቡሬ ማመስኳት ካቆመች ቆየች። ሆዷ ተነፍቷል። ሐኪም ጠርቻለሁ።»

ሶሬቲ በታክሲ ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ፣ የቀረውን በእግሯ ወጣች። ስትደርስ ላሚቱ በጎኗ ተኝታለች፤ ሐኪሙ ሆዷን ቀዶ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ያወጣል። የሚያወጣው ፌስታል ነበር። ፌስታል፣ የሲባጎ ቁራጭ፣ የወተት ላስቲክ፣ ሁሉም ተገምዶና ተጠቅልሎ እንደ ቃጫ ኳስ ሆኗል። አንዱን ጎትቶ ሳይጨርስ ሌላው ይከተላል። ቡሬ ከቀዶ ጥገናው አልተነሳችም። ከሰዓት በኋላ ሞተች።

«የኛ ጆንያ ነው?» አለች ሶሬቲ ሐኪሙን።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ የወራት ብቻ አይደለም፣ የዓመታት ክምችት ነው። ወንዝ ዳር ስትግጥም ትበላዋለች። የእናንተው ጆንያ አልጨመረበትም ልልሽ ግን አልችልም።»

ሰውየው ሊያጽናናት ይሁን እውነቱን ሊነግራት አልገባትም። ነፃ አላወጣትም፣ አልፈረደባትምም። ቢራቱ አካፋ ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድ ተከትላው «ቢራቱ» አለችው።

«ከእንግዲህ አልወርድም ሶሬ። ጆንያችሁን እዚያው ያዙት» አለ ዞር ሳይል።

በቀጣዩ እሁድ ስብሰባ ተጠራ። ሕዝቅኤል ከአለቆቹ የመጣ አዲስ ማብራሪያ ይዞ ነበር። ሶሬቲ ከቡሬ ሆድ የወጣውን በባልዲ ይዛ ወርዳ መካከላቸው አስቀመጠችው። ሰዉ ተንጠራርቶ አየ። ከሞተችው ላም ሆድ የወጣ ነው ስትላቸው ግን ሁሉም መናገር ጀመረ።

«እኛ ፎቅ ላይ ፌስታል አንጠቀምም።»

«ላም እኮ መንገድ ላይም ያገኘችውን ትበላለች።»

«ባለ ላሙ ለቅሞ ማብላት ነበረበት።»

ሒሩት አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። አቶ ወንድይራድ ባልዲው ላይ አቀርቅረው፣ ለቀልድም ይሁን ከልባቸው፣ «ለመሆኑ ይህ አሁን ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?» አሉ።

«ደረቅም እርጥብም አትበሉኝ!» ጮኸች ሶሬቲ። «ከብት የሚበላውና ከብት የሚገድለው ብላችሁ ብትነግሩን እኮ ሁላችንም ይገባን ነበር። ‹ደርቆም እርጥብ ነው› ምን ማለት ነው? ስድስት ወር ሙሉ ጆንያ ውስጥ ስርመሰመስ የኖርኩት ለዚህ ነው?»

ሕዝቅኤል አንገቱን ደፋ። «ቃሉን እኔ አላወጣሁትም እትዬ። ግን እነግራቸዋለሁ።» ተናግሮላት ይሆናል። በወሩ መጨረሻ በር ላይ የተለጠፈው አዲስ ወረቀት ግን በትልልቅ ፊደል «ደረቅ» እና «እርጥብ» ይላል።

ሶሬቲ ተጠሪነቱን በዚያው ቀን ተወች። የሚተካት አልተገኘም። ብሎኩ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ሁሉም በአንድ ጆንያ፣ ከጆንያ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ገንዳ። ሰው ቅር ያለው አይመስልም፤ እንዲያውም ቀለለን ያሉ አሉ።

ያን እሁድ ከስብሰባው በኋላ ሶሬቲ ባልዲውን ቧንቧው ስር ስታጥብ ኩልሱም መጣች። ሕፃኗን ለባሏ ለጠሀ ሰጥታ ነበር። ጎንበስ ብላ ከእጇ ተቀበለቻትና በሳሙና ታሸው ጀመር።

«ልጣጩን እኔም በፌስታል ቋጥሬ ጥዬ አውቃለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ይሸታል ብዬ።»

«ሁላችንም» አለች ሶሬቲ።

«ዳይፐሩንስ ምን ላድርገው?»

ሶሬቲ ባልዲው ላይ ውሃ ከፈተች። «እንጃ ልጄ። የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከሁሉም ጋር ይሂድ፤ በረንዳ ላይ አታስቀምጪው ብቻ።»

አሁን የሁለቱ ቤት ልጣጭ በአንድ ባልዲ ነው የሚጠራቀመው፤ ፌስታል የለበትም። የታክሲ ረዳቶች ባልዲውን ሲያዩ «አይቻልም እማማ፣ ሰው ይቆጣል» ስለሚሉ፣ ሶሬቲ ዳገቱን በእግሯ ነው የምትወጣው፤ አንዳንዴ ኩልሱም እስከ ግማሽ መንገድ ታግዛታለች። ቢራቱ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። የቀረችው ላሙ መኖ ሲያጥራት ግን ተቀበላት።

የተቀበላት ግን እንደ ድሮው አይደለም። ባልዲውን መሬት አስቀምጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እጁን እስከ ታች ይከታል። ልጣጩን በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ ዳር እስከ ዳር ይዳስሳል፤ የማያውቀው ሰው እንዳመጣው ሁሉ። ሶሬቲ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ፣ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች።