ለዋጋሪ የተያዘ ኩሽኔታ

ሞረዳ ከነቀምት ጭነት ይዞ በተነሣ ቁጥር ሚስቱ ድርቤ የዕቃ ሳጥኑን አብራው ትፈትሻለች። ሳጥኑ ከመኪናው ጎን በብሎን የታሰረ ወፍራም ቆርቆሮ ነው። ያገባችው ሰሞን የዕቃዎቹን ስም አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ የጎማ ቁልፉን፣ ሁለቱን የእንጨት ታኮ፣ መለዋወጫ ቺንጊያውን፣ ከመነዳሪውን፣ ሽቦውን ሁሉ በየቦታቸው እየነካች፣ ሲመሽ ልጆቿን እንደምትቆጥር ትቆጥራቸዋለች። በቀኝ ጥግ፣ ግሪስ በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ክብ ነገር ግን አትነካውም። ኩሽኔታ ነው፤ የመኪና ጎማ የሚሽከረከርበት ብረት። ከሞረዳ መኪና ላይ የሚገጠምበት ቦታ የለም። የዋጋሪ መኪና ኩሽኔታ ነው።

ዋጋሪ ማን እንደሆነ ለማወቅ የሞረዳን ቀኝ እጅ ማየት ይበቃል። ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ ከሥራቸው የሉም። መሪ መያዝ አላቃተውም፤ ማርሽም ይቀይራል። ያቃተው መብላት ነው። በሦስት ጣት የያዘው ጉርሻ እየተፈታ ወጡ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ከሰው ጋር አንድ ትሪ አይቀርብም። በልቼ ነው የመጣሁት ይላል። ድርቤ እንዳልበላ ታውቃለች፤ ቤት ሲገቡ ምንም ሳትጠይቀው በማንኪያ የሚበላ ነገር ታቀርብለታለች።

ነገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ዋጋሪ አኖ ከተማ መግቢያ ላይ ጎማው ፈንድቶ ቆሞ ነበር፤ መኪና ማንሻ ክሪኩ ዘይት ያፈስሳል፣ አያነሣም። ሞረዳ ቆመና የራሱን አዲስ ክሪክ አወረደለት። ከሥሩ ሦስት የብየዳ ነጥብ አስደርጎበታል፤ ምልክቱ ነው። ሾፌሮች ዘንድ ሕግ አለ፤ መሣሪያ የለመነ አይከለከልም፣ ክሪክ ግን ከባለቤቱ ዓይን አይርቅም። ያዋሰ ሰው ጎማው ገብቶ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተቀብሎ ይሄዳል። ሞረዳ ያን ቀን በቆሎ ሊጭን ወደ ቢላ እየተጣደፈ ነበር። ዋጋሪም አይቶት፣ አንተ ሂድ፣ ነቀምት ኢስማኢል ሱቅ አስቀምጥልሃለሁ አለው። ሞረዳ ሕጉን ጥሶ ሄደ።

ከቢላ ሲመለስ ኮረኮንቹ ላይ የእሱም ጎማ ፈነዳ። ክሪክ የለም፤ የሚያልፍ መኪናም የለም። ግንድና ድንጋይ ደርድሮ፣ በወፍራም እንጨት ፈልቅቆ ሊያነሣው ሞከረ። እንጨቱ ከዳው። መኪናው ከነበቆሎው ወርዶ እጁ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ዋጋሪ ክሪኩ ያን ዕለት ተሰረቀብኝ ብሎ ማለ፤ ሽማግሌዎቹም የማለን ሰው ምን ያደርጉታል፣ አዝነው ተመለሱ። መሐላውንስ ሞረዳ ይረሳው ይሆናል። ያልረሳው ዋጋሪ ከዚያ በኋላ ሾፌሮች መሐል ቁጭ ብሎ የተናገራትን ነው። "እኔ ክሪክ ተዋስኩ እንጂ ጣት አልተዋስኩም" አለ። ቃሏ ተሳቀባት፣ ከምሳ ቤት ምሳ ቤት ዞረች፤ ሞረዳ ጆሮ የደረሰችው የእጁ ፋሻ ሳይፈታ ነው።

ፋሻውን እንዳሰረ ወደ ኢስማኢል ሱቅ ሄደ። ኢስማኢል ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት ውስጥ መለዋወጫ ሲሸጥ ፀጉሩ የሸበተ፣ የሾፌሩን ሁሉ መኪና እንደ ዘመድ የሚያውቅ ሰው ነው። ሞረዳ የዋጋሪን መኪና ኩሽኔታ አምጣ ሲለው፣ ይኸ ላንተ አይሆንም አለው። ሞረዳም አውቃለሁ ብሎ ወሰደው። ዋጋሪ አሮጌውን የጣሊያን መኪና ትቶ የጃፓን ሲይዝ ሞረዳ ኩሽኔታውን መልሶ የጃፓኑን ወሰደ። ባለ አሥር ጎማ ሲይዝም እንዲሁ። ያኔ ኢስማኢል በጨርቅ እየጠቀለለለት፣ "አንተ ሞረዳ፣ ሰው የሚወደውን እንኳ እንዲህ አይከታተልም" አለው።

ሐሳቡን የነገረው ለድርቤ ብቻ ነው። አንድ ቀን ዋጋሪን መንገድ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ጨርቁን ፈትቼ ኩሽኔታውን አሳየዋለሁ፤ መልሼ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። ይህን ሲል ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራል። ድርቤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ ዋጋሪን ይቅር ትለዋለች፤ ሰኞ ጠዋት ባሏ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ይቅርታዋን መልሳ ትወስዳለች።

አንድ ክረምት ከኑኑ ቁምባ ሲመለስ የራሱ ኩሽኔታ ተቃጠለ። ሳጥኑን ቢከፍት ያለው የዋጋሪ ነው። መንገድ ላይ እንደቆመ ሁለት ቀን ዝናብ ወረደበት። ድርቤ እርጥብ ልብሱን እያወለቀች፣ "የገመቺስ አባት፣ ለጠላትህ ስንቅ ይዘህ አንተ ጦምህን አደርክ" አለችው። እሱ ግን ስለ ራሱ አልተናገረም፤ ጨርቁ ረጥቦ ኩሽኔታው እንዳይዝግ ግሪስ አምጪልኝ አላት።

ባለፈው ሚያዝያ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ሞረዳ ከአዲስ አበባ እየተመለሰ አኖ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አስፋልቱ ላይ የተነጠፈ ቅጠል አየ፤ መኪና ተበላሽቷል ማለት ነው። ከቅጠሉ ማዶ ባለ አሥር ጎማው ማንጎ ጭኖ ቆሟል። የፊት ጎማው ወልቋል። ከጎኑ እጁ በግሪስ የጠቆረ ሰው ተቀምጧል። ዋጋሪ ነው።

ሞረዳ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። ዋጋሪ ብድግ ብሎ "አካም ኦልቴ፣ ኦቦሌሳ" አለው፤ እንዴት ዋልክ ወንድሜ ማለቱ ነው። ቀጠለና፣ "ለኢስማኢል ደውዬለት ነበር። በዚህ ቁጥር ነቀምት የነበረችውን አንዷን ኩሽኔታ ሞረዳ ወስዷታል አለኝ። ላንተ መኪና ምን ታደርግልሃለች?" አለው።

"ላንተ ነው የያዝኳት።"

"ለእኔ?"

"ዘጠኝ ዓመቴ።"

ዋጋሪ ነገሩ ዕርቅ መሰለው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይመርቅ ጀመር። ሞረዳ ሳጥኑን ከፈተ፣ ጨርቁን ፈታ፤ ኩሽኔታው ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ እንዳሰበው ነበር። መልሶ ሊጠቀልል ሲል ግን ዓይኑ መኪናውን ተሸክሞ ወደቆመው ክሪክ ወረደ። ቀለሙ ተልጧል። ከሥሩ ሦስት የብየዳ ነጥብ አለ። ተሰረቀ ተብሎ የተማለበት ክሪክ ነው።

ዋጋሪም ሞረዳ የት እንደሚያይ አየ። ምርቃቱ አፉ ላይ ቀረ።

ሞረዳ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ኩሽኔታውን ትቼልህ ክሪኬን ልውሰድ፣ ወይም ክሪኩ ይቅርልህና ኩሽኔታው ከእኔ ጋር ይመለስ። ምረጥ" አለው።

ዋጋሪ ቀና ብሎ ጭነቱን አየ። የማንጎ ውኃ ከሥር መንጠባጠብ ጀምሯል። ኩሽኔታውን መረጠ። ክሪኩ ከወጣ ግን መኪናው ይወድቃል ቢለው፣ ሞረዳ ድንጋይ ደርድርበት፣ እኔም የደረደርኩት ድንጋይ ነው አለው። ራሱ ቁጢጥ ብሎ በሦስት ጣቱ የክሪኩን ማላቀቂያ ያዘ። ያ ማላቀቂያ ግማሽ ዙር ከዞረ መኪናው ከነማንጎው ይወርዳል።

ዋጋሪ በሆዱ ተኝቶ ድንጋዩን በእጁ እየገፋ ያስገባ ጀመር። አንድ አስገባ፣ ሁለት አስገባ። ሦስተኛው ላይ ክንዱ እስከ ክርኑ ከብረቱ ሥር ሳለ ሞረዳ፣ "እስቲ ያቺን ቃል ድገማት" አለው።

"የቷን?"

"ስለ ክሪክና ስለ ጣት ያልካትን።"

ዋጋሪ እጁን ማውጣትም ፈራ፣ እዚያው መተዉንም ፈራ። ላቡ አፈር ላይ ይንጠባጠባል። "ልጆች አሉኝ፣ ሞረዳ" አለ።

"እኔም አሉኝ። ድገማት።"

ዋጋሪ ደገማት። ስትወጣ እንደዚያ ጊዜ የምታስቅ አልነበረችም፤ መሐሏ ላይ ድምፁ ተቆረጠ፣ እንደገና ጀመረና ጨረሳት። ሞረዳ ማላቀቂያውን እንደያዘ ብዙ ቆየ። ከዚያ ድንጋዩን አስተካክለህ እጅህን አውጣ አለው። እጁ ከወጣ በኋላ ቀስ አድርጎ አዞረ፤ መኪናው አቃስቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሞረዳ ክሪኩን መዝዞ አቧራውን ጠረገ፣ ኩሽኔታውን ከነጨርቁ ዋጋሪ እግር ሥር አስቀምጦ ሄደ።

አኖ ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ገባና ክሪኩን ሦስቱን ነጥብ ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም። ቢራቱ የሚባለው ሽማግሌ ሾፌር ነጥቦቹን በጣቱ ዳሰሰና ከየት አገኘኸው አለ። ሞረዳ ነገራቸው። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሰው ጋር አንድ ትሪ ቀረበ። ወጡ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ፤ አልጠረገውም።

ዋጋሪ ኩሽኔታውን ገጠመ፣ ጎማውንም መለሰ፤ ከድንጋዩ ለመውረድ ግን ክሪክ ያስፈልገዋል። የሚያልፈው ሾፌር ሁሉ ይቆማል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ይሄዳል። በማግሥቱ ቀትር ላይ ቢራቱ አዘነለት፤ እሱም ቢሆን ክሪኩን አላስያዘውም፣ እጀታውን ራሱ እንደያዘ አወረደለትና ወዲያው ተቀብሎት ነጎደ። የማንጎው ግማሽ ሸቶ ነበር። ይህን ሁሉ ለድርቤ የነገራት ኢስማኢል ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ማለዳ ሳጥኑን ሲፈትሹ ቀኝ ጥጉ ላይ የሞረዳ የራሱ መኪና ኩሽኔታ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ክሪኩ። ድርቤ ሁለቱንም ነካቻቸው። ስታቅማማበት የከረመችውን ጥያቄ ያኔ አወጣችው፤ የዋጋሪ እጅ ከመኪናው ሥር እያለ ማላቀቂያውን ለምን ግማሽ ዙር እንዳላዞረው ጠየቀችው።

ሞረዳ ክዳኑን ዘጋና በሦስት ጣቱ ቆለፈው።

"አሥሩም ይኑሩለት" አላት። "ክሪክ የከለከሉትን ሾፌሮች ሲቆጥር ያስፈልጉታል።"