ግራኟ እንሰት ፋቂ

ወልቂጤ ሳስተምር፣ ከጃፓን የመጣች የሂሳብ መምህርት ከድሮ ልብ ወለድ የወጣ ሥዕል አሳየችኝ፤ ሥዕሉ ላይ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች። “እንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ ነው” ስትለኝ አላስቻለኝም። እኔም ለትምህርት ቤታችን መጽሔት እንሰት የምትፍቅ ሴት በዋንዛ ላይ ቀረጽኩ። ለካ ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል!

በወላጆች ቀን ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ርዕሰ መምህሩ ሳቁ።

“አንተ ሰው፣ በግራ እጇ እንሰት የምትፍቅ ሴት የት አየህ? ይህማ መጽሔታችን ላይ አይወጣም!”

መምህራኑ ተንከተከቱ፤ እኔ መግቢያ ጠፋኝ። ይሄኔ አንዲት እናት ሰዉን እየገፉ መጡና ሥዕሉ ላይ አፈጠጡ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

“እሰይ! ግራኝ እያሉ ሲስቁብኝ ኖረው፣ ይኸው እኔው ራሴ ግድግዳ ላይ ወጣሁ!”

ጭብጨባው ሲቀልጥ ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ሽፋኑ ላይ ይሁን።”