ጳጉሜን የማያውቀው ሰርቨር

አንድ አርብ ጳጉሜን የምትባለውን ወር ከመምህራን መዝገብ ጠራርጌ አጠፋኋት። ሆን ብዬ አይደለም፤ ሆን ብዬ የማጠፋው ነገር ይህን ያህል አይሳካልኝም።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የመምህራን መረጃ በሚያዝበት ቢሮ የኮምፒውተር ሰው እኔ ነበርኩ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ የሦስት ሳምንት ኮርስ ወስጄ ነው ባለሙያ የተባልኩት። አሮጌው ሰርቨር እንደኔው ሲነሳ ያቃስት ነበርና አዲስ መጣልን፤ ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ቨርዥን እንዳሸጋግር ታዘዝኩ። አሮጌው የቅጥር ቀንን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይይዝ ነበር፤ የጻፉለትን ይውጣል። እኔ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ በአዲሱ ላይ ዓምዱን «ቀን» ብቻ እንዲቀበል አደረግሁት። ፈረንጅ የሠራው ማሽን ደግሞ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። በጳጉሜን የተቀጠሩትን አልቀበልም ብሎ መለሰልኝ።

አሥር ሰዓት አልፏል። ለጥቂት ቀን ብሎ ማን ይጨነቃል አልኩና ሁሉንም የቀጣዩ ዓመት መስከረም አንድ ብዬ አስገባኋቸው። አሮጌውን ባዶ አድርጌ ለግምጃ ቤት አስረከብኩ። በአንድ ለአምስት ግምገማችንም ሥራውን በወቅቱ ጨርሷል ተብዬ ተመሰገንኩ።

የዝውውር ውድድር የሚሰላው በአገልግሎት ዓመት ነው፤ ማሽኑ የሚቀንሰው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው። ጳጉሜን ሦስት የተቀጠረ ሰው መስከረም አንድ ሲባል ሦስት ቀን ሳይሆን ሙሉ ዓመት ያጣል። ይህ የገባኝ ዝርዝሩ ጸድቆ ከተለጠፈ በኋላ፣ አንዲት መምህርት ከምታስተምርበት ከቢጠና ከተማ ስትመጣ ነው። እናቷ ሶዶ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ኦቶና ሆስፒታል ይታከማሉ፤ የሚያመላልሳቸው የለም። እሷ ወደ ሶዶ ለመዛወር ተወዳድራ በአንድ ሰው ተቀድማ ቀረች። የቅጥር ደብዳቤዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

መጀመሪያ «ሲስተሙ ነው» አልኳት። ቀጥሎ ደብዳቤውን አየሁ። ኃላፊው ጋ ገብቼ ብናገር ዝርዝሩ ተፈርሟል፣ ለከርሞ አሉኝ። ወጥቼ ነገርኳት። ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቁኝ አላስታውስም፤ ወንበሬ ሲጢጥ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ።

«እሺ ጋሼ፣ ዝውውሩ ይቅር» አለች። «ስህተቱ የቢሮው መሆኑን ብቻ በወረቀት ይጻፉልኝ።»

ምን እንደሚያደርግላት ጠየቅኋት።

«እናቴ ሳላመለክት የቀረሁ መስሏታል። ሆን ብዬ የራቅኋት። በወላይትኛ አነብላታለሁ። ፊደል ባትቆጥርም ማህተም ታውቃለች።»

«ሰኞ ነይ» አልኳት።

ቅዳሜን ቢሮ ገብቼ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «ስህተቱ የተፈጠረው» ብዬ ጀመርኩ። በማን የሚለው ጋ ስደርስ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሰኞ መጣች፤ ማህተም ያዡ ስብሰባ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፤ ያኔ ስብሰባ ያልነበረ ማን ነበር? በሚቀጥለውም ሰኞ መጣች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ዓምዱን ወደ ጽሑፍ መለስኩ፤ ጳጉሜን ሦስቷንም መለስኩላት። በዓመቱ ዝርዝሩ ሲወጣ ስሟን ፈለግሁ፤ አላመለከተችም። ትምህርት ቤቷ ስልክ ደወልኩና አስጠራኋት።

«እናቴ ጥቅምት ላይ አረፈች፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ሶዶ ምን እሠራለሁ?» አለች። የኔን ጤንነት ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። ስለ ወረቀቱ እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ስልኩን ዘግቼ ምሳ ሄድኩ። በላሁም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። መነጽሬን በቀን ሦስቴ የምጥል ሰው ያችን ወረቀት አልጣልኳትም። «ስህተቱ የተፈጠረው» ትላለች፤ ከዚያ በታች ባዶ ናት። አሁን ማህተም የለኝም፤ ስሜን ለመጻፍ ግን ያኔም ማህተም አያስፈልገኝም ነበር። ቢጠና በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ያቺን ግማሽ ገጽ እስከ ዛሬ አልሰጠኋትም።